ሁቨር ግድብ ላይ ቆሜ አንተን አሰብኩ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? እማማስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይስ አሁንም ደረጃ መውጣት ይቸግራቸዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድባችን ሲመረቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ ከሚታየው ሕዝብ መካከል ፊትህን ስፈልግ ነበር። ያን ያህል ዓመት ጉባ በረሃ ላይ ለቆየ ሰው በስልክ ምን ይባላል? “እንኳን ደስ አለህ” ብቻ ማለት አነሰብኝ። ዛሬ ግን የምነግርህ አለኝ። ረዘም ይላልና ቡናህን ይዘህ አንብበው።

ሁቨር ግድብን አየሁት። ተማሪ ሳለን ከአሮጌ መጽሔት ላይ ቆርጠህ ከአልጋህ በላይ የለጠፍከውን፣ በሁለት ጥቁር ገደሎች መካከል የቆመውን ያንን ነጭ ግንብ ማለቴ ነው። ከምኖርበት ከላስ ቬጋስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። የሌሊት ሥራ ያለው ሰው ቀኑን ለእንቅልፍ ይሰጣልና እስካሁን አልደረስኩበትም ነበር። የእህቴ ልጅ ለእረፍት ከሲያትል መጥታ “ግድቡን ካላየሁ አልመለስም” ስትል አብሬያት ሄድኩ።

በራሳችን መኪና መሄድ እንችል ነበር። እሷ ግን በአስጎብኚ የሚሄድ አነስተኛ ቡድን መርጣ ተመዘገበች። አሁን ሳስበው ጉዞውን ጉዞ ያደረገው ይህ ምርጫዋ ነው። በትልቅ አውቶቡስ የሄደ ሰው ይቆጠራል፣ ይወርዳል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ደግሞ ተቆጥሮ ይሳፈራል። እኛ አንድ ሚኒባስ እንኳ የማንሞላ ጥቂት ሰዎች ነበርን። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ አንድ ብየዳ የሚሠራ ወጣት፣ ሁለት እህትማማቾች፣ እኛ ደግሞ ሁለታችን። አስጎብኚያችን ሸምገል ያሉ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጠዋት መኪናው ውስጥ እያንዳንዳችንን ስለ ግድቡ ምን ማወቅ እንደምንፈልግ ጠየቁን። ብየዳ ሠራተኛው ስለ ቧንቧዎቹ አለ። እኔ “እዚያ ስለ ሠሩት ሰዎች” አልኩ። ሰውየው ይህን ቀኑን ሙሉ አልረሱትም። በየቦታው ወደ እኔ ዞር እያሉ የሰዎቹን ታሪክ ይጨምሩልኝ ነበር።

መጀመሪያ ያቆሙን ቦልደር ሲቲ ነው። ለግድቡ ሠራተኞች ተብላ በመንግሥት የተሠራች ከተማ ናት። ሠራተኛው ደመወዙን በቁማር እንዳይጨርስ ያኔ የወጣው ክልከላ ዛሬም ስላለ፣ ቬጋስ አፍንጫ ሥር ሆና አንድም የቁማር ቤት የላትም። ጸጥ ያለች፣ ዛፍ የበዛባት ከተማ ናት። አስጎብኚያችን ግን በውበቷ ላይ አልቆዩም። ጥቁር አሜሪካውያን ሠራተኞች በዚህች ከተማ እንዲኖሩ እንዳልተፈቀደላቸው ነገሩን። በሺዎች ከሚቆጠረው ሠራተኛ መካከል የተቀጠሩት ጥቁሮች እጅግ ጥቂት ነበሩ። እነሱም በየቀኑ ከላስ ቬጋስ ይመላለሱ ነበር፤ የሚጠጡበት የውሃ ባልዲ እንኳ የተለየ ነበር። ቻይናውያንን መቅጠር ደግሞ በውሉ ላይ የተከለከለ ነበር። የእህቴ ልጅ አንገቷን ደፍታ ሰማች። እኔ ሰውየውን አከበርኳቸው፤ ጎብኚ እንዳይከፋው ብለው ሊዘሉት ይችሉ ነበር።

ከዚያ ወደ ድልድዩ ወጣን። እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ይህ ድልድይ ከኮሎራዶ ወንዝ በላይ ወደ 270 ሜትር ከፍታ ላይ ተዘርግቷል። በጎኑ የእግረኛ መንገድ አለው፤ እዚያ ላይ ቆመህ ግድቡን ፊት ለፊት ታየዋለህ። ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ወንድሜ፣ ፎቶው ዋሽቶናል! ፎቶው ላይ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይመስላል እንጂ ጀርባው ወደ ሐይቁ ጎበጥ ብሎ የውሃውን ግፊት ወደ ግራና ቀኝ ገደሎች የሚያስተላልፍ ቅስት ነው። ቁመቱ 221 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 145 ሜትር ከሆነው ከሕዳሴው ዋና ግድብ ይበልጣል። በርዝመት ግን የእኛ 1,780 ሜትር ሲሆን የእሱ 379 ሜትር ብቻ ነው። ታችኛው ውፍረቱ 200 ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ላይ እየሳሳ አናቱ ላይ 14 ሜትር ይደርሳል። አንተ ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ብቻ በዓይን ሲያዩት ሌላ ነው።

ግድቡ ውስጥ ለመግባት በር ላይ ፍተሻ አለ። ውስጡን የሚያሳዩት ደግሞ የግድቡ የራሱ አስጎብኚዎች ናቸው። የኛ ሰውዬ ማለዳ ያስነሱን የረጅሙ ጉብኝት ትኬት እዚያው በዕለቱ ስለሚሸጥና ቶሎ ስለሚያልቅ ነበር፤ እውነትም ከኛ ኋላ የመጡት ብዙዎቹ አላገኙም። በሊፍት 160 ሜትር ያህል ወረድን። ከዚያ በዐለቱ ውስጥ በተፈለፈለ መተላለፊያ ሄደን ውሃውን ወደ ተርባይኖቹ ከሚወስደው ቧንቧ በላይ ቆምን። የቧንቧው ስፋት 9 ሜትር ነው። ውሃው አይታይም፤ የቆምክበት ወለል ግን ከሥርህ ይንቀጠቀጣል። ብየዳ ሠራተኛው ተንበርክኮ መዳፉን መሬቱ ላይ አሳረፈና ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። ማንም አላጣደፈውም።

የጀነሬተሮቹን አዳራሽም አየን። በኔቫዳ በኩል 8፣ በአሪዞና በኩል 9 ጀነሬተሮች ተደርድረዋል። ጠቅላላ አቅማቸው 2,080 ሜጋዋት ነው። “የኛው 5,150 ነው” ብዬ ለእህቴ ልጅ ሹክ አልኳት፤ ከጎኔ የነበሩት ጡረተኛ ሰምተው የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ወንድም የምለው ጓደኛዬ እዚያ የኮንክሪት ፎርማን ነበር ስላቸው እጄን ጨብጠው ሰላምታቸውን እንዳደርስልህ አደራ አሉኝ። ይኸው አድርሻለሁ።

አንተን በጣም ያሰብኩህ ግን በግድቡ ሆድ ውስጥ ባሉት ጠባብ የመቆጣጠሪያ መተላለፊያዎች ውስጥ ነው። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው። ትንንሽ ስንጥቆች ባሉበት ባለሙያዎች ቀን እየጻፉ ምልክት አድርገውባቸዋል፤ ከፋ ወይስ ባለበት ነው የሚለውን የሚከታተሉት በዚያ ነው። ይህን ሁሉ ኮንክሪት እንዴት አቀዘቀዙት ብዬ ጠየቅኩ። በጉባ ትልቁ ጭንቃችሁ የኮንክሪት ሙቀት እንደነበረ አጫውተኸኝ ስለነበር ነው። እናንተ ደረቅ ያለውን ኮንክሪት እያነጠፋችሁ በሮለር ስትደመድሙ፣ እነዚህ ደግሞ ግድቡን በዓምድ በዓምድ ከፋፍለው፣ በየዓምዱ ውስጥ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ቀብረው፣ ቀዝቃዛ ውሃ አሳለፉበት። ቱቦዎቹ ቢቀጣጠሉ ከ930 ኪሎ ሜትር ያልፋሉ። ኮንክሪቱ ሲበርድ ቱቦዎቹንም በዓምዶቹ መካከል የቀረውን ክፍተትም በሲሚንቶ ሞሉት። የመጀመሪያው ኮንክሪት የፈሰሰው ሰኔ 1933 እ.ኤ.አ. ነው፣ የመጨረሻው ግንቦት 1935። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም! ቀንና ሌሊት በፈረቃ ነበር የሚሠሩት።

እዚህ ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል መሰለኝ፤ ከእህትማማቾቹ አንዷ ጠየቀች። ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበሩ ሠራተኞች አሉ? የሉም። ኮንክሪቱ በባልዲ እየመጣ በትንሽ በትንሹ ስለሚነጠፍ ሰው የሚውጥ ጥልቀት በአንድ ጊዜ አይፈጠርም። ይህን መልስ የግድቡ አስጎብኚ ሰጥታ አለፈች። የኛ ሰውዬ ግን ወደ ላይ ከወጣን በኋላ ጥላ ያለበት ቦታ ሰብስበውን ቀጠሉበት። ሰው ስለተቀበሩት ይጠይቃል፣ ስለሞቱት ግን አይጠይቅም አሉ።

በሥራ ላይ የሞቱት በመንግሥት መዝገብ 96 ናቸው። በድንጋይ ናዳ፣ በድማሚት፣ በመውደቅ፣ በመስጠም። ወንዙን ለማዞር ገደሎቹ ውስጥ አራት ዋሻዎች ሲቆፈሩ የቤንዚን መኪኖች ጭስ ዋሻው ውስጥ ይታመቅ ነበር። ጭሱ መትቷቸው እንደሆነ ሠራተኞቹ የሚናገሩላቸው፣ ሐኪም ግን “የሳንባ ምች” ብሎ የመዘገባቸው ሰዎች አሉ። እነዚያ ከ96ቱ ውስጥ የሉም። በ1931 እ.ኤ.አ. በጋ፣ ከተማዋ ሳትሠራ፣ ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ወንዙ ዳር በድንኳን ሲኖር ሙቀቱ ብዙ ሰው ጎድቷል። በነሐሴ ሥራ አቆሙ፤ ሥራ ፈላጊ በሞላበት ዘመን ግን አድማው አልያዘላቸውም።

በገመድ ተንጠልጥለው የገደሉን ልል ድንጋይ ስለሚያራግፉት ሰዎችም ነገሩን። ከላይ ድንጋይ ስለሚወርድባቸው የጨርቅ ባርኔጣቸውን ሬንጅ ውስጥ እየነከሩ አድርቀው ጠንካራ ቆብ ሠሩ። መጀመሪያ ያሰቡት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ ድርጅቱ የራስ መከላከያ ቆብ ያዘዘላቸው ኋላ ነው። አንተ በላክልኝ ፎቶዎች ሁሉ ላይ ያች ቢጫ ሄልሜት አናትህ ላይ አለችና ይህ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ።

አንድ ታሪክ ደግሞ አለ። ግድቡ የሚሠራበትን ቦታ ለማጥናት ወንዙ ላይ ይሠራ የነበረ ቲየርኒ የሚባል ሰው ታኅሣሥ 20 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. ሰጥሞ ሞተ። ልክ በ13 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ልጁ ፓትሪክ ቲየርኒ ከውሃ መግቢያው ማማ ላይ ወድቆ ሞተ። ግድቡን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መርቀውት ከሄዱ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ያችን እናት አስባት። ባሏን ስትቀብር ልጇ ገና ልጅ ነበር።

ግድቡ አናት ላይ ክንፋቸውን ወደ ሰማይ የዘረጉ ሁለት ትልልቅ የነሐስ ሐውልቶች አሉ፤ ጎብኚው ለመልካም ዕድል የእግራቸውን ጣት ስለሚያሸው ጣቱ ብቻ ያብረቀርቃል። በረሃው እንዲለመልም ብለው ሞቱ የሚል የመታሰቢያ ጽሑፍም አለ። መልካም ነው። ለእኔ ግን የአባትና የልጁ ስም በልጦብኛል። የግንባታው ዋና ኃላፊ ፍራንክ ክሮው በየመጽሐፉ አለ፤ ግድቡ የፕሬዚዳንት ስም ይዟል፤ ሐይቁም ሚድ የሚባለው በአንድ ባለሥልጣን ስም ነው። ከ20,000 የሚበልጥ ሰው በዚያ ሥራ ላይ አልፏል፤ ያ ሁሉ ሰው የት አለ? የተረፈው ስም የተረፈው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለጻፈው ወይም ሽማግሌዎቹን በሕይወት ሳሉ ስለጠየቃቸው ነው።

ሐይቁን ሳልነግርህ። ዳርና ዳሩ ላይ ነጭ ቀበቶ የመሰለ ሰፊ መስመር አለ፤ ውሃው ድሮ የደረሰበትን የሚያሳይ የማዕድን ቅሪት ነው። ሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ከ1937 ወዲህ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ቀንሶ ነበር፤ ከሙሉው ከፍታ ከ50 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ። ድርቁ አለ፤ ግን ወንዙንም ግዛቶቹ ገና በ1922 እ.ኤ.አ. ሲከፋፈሉት ዝናቡ የበዛባቸውን ዓመታት ለክተው ስለሆነ በወረቀት የተሰጠው ውሃ ከሚፈሰው ይበልጣል። እኔ የምጠጣው ውሃም አብዛኛው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ይህን እያወቅኩ ያንን ነጭ መስመር ማየት አስፈራኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንድ ጊዜ በስልክ ስለ ሌሊት ፈረቃ ሰዎችህ አጫውተኸኝ ነበር፤ ስለ ክሬን ኦፕሬተሩ፣ በሙቀቱ ሰዓት እየዘፈነ ስለሚሠራው የወለጋ ልጅ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው ሻይ ስለሚያፈሉት የምግብ ቤት ሴቶች፣ በወባ ታሞ ወደ አገሩ ስለተመለሰውና ኋላ ወሬው ስለጠፋው ወጣት። ስማቸውንም ነግረኸኝ ነበር። እባክህ ጻፋቸው። የግድቡን ቁመትና ሜጋዋት የሚጽፍ አይጠፋም፤ የአንተን ፈረቃ ሰዎች ግን ከአንተ በቀር ማን ያውቃቸዋል? ማን ከየት መጣ፣ ምን ይሠራ ነበር፣ ማን ተጎዳ፣ ማን አረፈ፣ ማን እዚያው ተዋውቆ ተጋባ። ቅደም ተከተል አያስፈልግም። ጊዜ ካጣህ ማታ ማታ በስልክህ በድምፅ እየቀዳህ ላክልኝ፤ እኔ ከሥራ ስመለስ ቁጭ ብዬ እገለብጠዋለሁ። የረሳኸው ስም ካለ አብረውህ የሠሩትን ደውለህ ጠይቅ፣ አሁን ስልካቸው እጅህ ላይ እያለ።

መጀመሪያ ስለ ክሬን ኦፕሬተሩ ላክልኝ። በዚያ ዝናባማ ሌሊት ምን እንዳደረገ ልትነግረኝ ጀምረህ መስመሩ ተቋርጦብን ነበር።

እማማን ጉልበታቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ። ልጆቹን ሳምልኝ። መልስህን እጠብቃለሁ።

የአንተው፣
ወንድምህ ከላስ ቬጋስ