ለቅዳሜ ጠዋት የሒሳብ ክበብ አስጠኚዎች

ጤና ይስጥልን ውድ አስጠኚዎች፣

በዚህ ቅዳሜ ርዕሳችን ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 የሚበልጡና በ1 እና በራሳቸው ብቻ ያለ ቀሪ የሚካፈሉ) ማለቂያ እንደሌላቸው የሚያሳየው የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የኤውክሊድ ማረጋገጫ ነው። የድሬ ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት 2፡30 ከዚራ እንገናኝ።

የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ጠመኔ አትያዙ። ልጆቹ ራሳቸው 2×3+1=7፣ 2×3×5+1=31፣ 2×3×5×7+1=211 እያሉ ያስሉ። ሁሉም ብቸኛ ስለሚሆኑ «ምንጊዜም ብቸኛ ቁጥር ይወጣል» ማለታቸው አይቀርም። ስሕተት ነው፤ ግን ቶሎ አታርሟቸው። እስከ 13 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች አባዝተው 1 ይደምሩ፤ 30031 ይመጣል። ከ17 እስከ 59 ያሉትን 11 ብቸኛ ቁጥሮች ተከፋፍለው 30031ን በየደረሳቸው ያካፍሉ። 59 የደረሰው ልጅ 30031 = 59×509 መሆኑን ያገኛል። «ከ2 እስከ 13 ያሉትን ለምን አንሞክርም?» የሚል ካለ እዚያው ቁሙ፤ በእነሱ ሲካፈል ሁልጊዜ 1 ይተርፋል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ምንጊዜም ከዝርዝራችን ውጭ ነው፤ የማረጋገጫው ልብም ይኸው ነው።

እንደ 7፣ 31 እና 211 ተባዝቶ 1 ሲደመር ውጤቱ ራሱ ብቸኛ የሚሆንባቸው ቁጥሮች ማለቂያ ይኑራቸው አይኑራቸው ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ይህንን ሳትነግሯቸው እንዳትለቋቸው፤ ምርምር የሚባለው ነገር ከዚህ የቀረበ በር የለውም።

ደብተር ስታርሙ ኤክስ ብቻ አታድርጉ፤ ሐሳቡ የተቋረጠበትን መስመር አስምራችሁ «ይህ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጻፉበት።