መሸኛ የመምረጥ መስፈርት አይደለም፦ በጎንደር ለምርጫ ክልላችን ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ጉዳይ በቃልም በጽሑፍም አቅርበንልዎታል። ደብዳቤዎቻችን መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሱ የሚነግረን አላገኘንም። አሁን የምንጽፈው የከተማው ሰው አንብቦ እንዲፈርድ ነው።

ዋናው አቤቱታችን አንድ ነው። ከበለሳ፣ ከአርማጭሆ፣ ከጭልጋ ወይም ከደምቢያ መጥቶ፣ አዘዞ ወይም ማራኪ ቤት ተከራይቶ ሁለትና ሦስት ዓመት የኖረ ሰው በመራጭነት ሊመዘገብ ሲቀርብ «የቀበሌ መታወቂያ አምጣ» ይባላል። ቀበሌ ሲሄድ «ከመጣህበት መሸኛ አምጣ፣ አከራይህንም ይዘህ ና» ይባላል። መሸኛው የሚገኘው የቀድሞ ቀበሌው ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል። ቢከፈትም የቀን ሠራተኛው የሥራ ቀኖቹን አቃጥሎ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ ደርሶ ማኅተም የያዘውን ሰው ላያገኘው ይችላል። ለተፈናቀለው ደግሞ መሸኛ የሚጽፍለት ጽሕፈት ቤት ራሱ በቦታው ላይኖር ይችላል። በዚህ መሀል የምዝገባው ቀን ያልቃል።

ከምርጫ በኋላ በየስብሰባው «የሕዝቡ ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው፣ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ሲባል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ያስቆጣናል። ይህ ሰው ግንዛቤ አልጎደለውም፤ በእግሩ መጥቶ ከጠረጴዛችሁ ፊት ቆሞ ነው የተመለሰው። ድምፅ ያልሰጠው ስላልፈለገ ሳይሆን ስለመለሳችሁት ነው።

ሕጉን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የመምረጥ መብት ሰጥቷል። የምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 ለምዝገባ የሚጠይቀው ዜግነትን፣ ዕድሜንና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ነው። ከእነዚህ መካከል መሸኛ የለም። የቤት ባለቤት መሆንም የለም። የቀበሌ መታወቂያ ማንነትን ማሳያ አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደለም፤ ፓስፖርትም ያንኑ ያሳያል። መሸኛ የቀበሌ አሠራር ነው። የቀበሌ አሠራር ደግሞ ሕገ መንግሥት የሰጠውን መብት ሊያስቀር አይችልም።

የምዝገባ ሠራተኞቹ የሚሰጡትን ምክንያት ሰምተናል፤ «ሰው ሁለት ቦታ እንዳይመዘገብ ነው» ይላሉ። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ መሸኛ ግን አያስቀረውም። መሸኛ የሚዘጋው በቀድሞው ቀበሌ ያለውን የነዋሪነት ማህደር ነው፤ ከመራጮች መዝገብ ስም አይሰርዝም። መሸኛ ይዞ የመጣ ሰው ስሙ በቀድሞው ጣቢያ መዝገብ ላይ እንዳለ ሊሆን ይችላል። ድርብ ምዝገባን የሚያስቀሩት ሌሎች ናቸው፦ የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያይ ማድረግ፣ ተመዝጋቢው ሌላ ቦታ እንዳልተመዘገበ በፊርማው እንዲያረጋግጥ ማድረግ፣ በድምፅ መስጫው ቀን ደግሞ ጣት ላይ የሚቀባው የማይለቅ ቀለም። እነዚህ በአግባቡ ከተሠሩ መሸኛ የሚጨምረው ነገር የለም። ካልተሠሩም መሸኛ አያድንም።

የአከራዩ ነገር ከዚህ ይብሳል። አከራይ ተከራዩን «ቤቴ ይኖራል» ብሎ ከቀበሌ ፊት ለመመስከር የማይፈልገው በክፋት አይደለም። የኪራይ ገቢ ግብር ይከተለኛል ብሎ ይፈራል። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ምክንያት ውሌን አስመዝግብ እባላለሁ ብሎም ይፈራል። ስለዚህ ተከራዩን «ስሜን አትጥራ» ይለዋል። ተከራዩ የመምረጥ መብቱን ልጠቀም ቢል ቤቱን ሊያጣ ነው። የአንድን ዜጋ ድምፅ በሌላ ሰው የግብር ስጋት ላይ ማንጠልጠል በየትኛው ሕግ እንደተፈቀደ ጠይቀንዎት ነበር። አሁንም እንጠይቃለን።

ፋይዳ መጣ፣ ችግሩ ተፈታ የሚሉም አሉ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ ሰውየው ማን እንደሆነ ያረጋግጣል፤ ለማንነት ማስረጃ ከበቂ በላይ ነው፤ እናንተም ልትቀበሉት ይገባል። ነገር ግን አዘዞ 6 ወር መኖሩን አይናገርም። ስለዚህ ማንነትና ነዋሪነት ሁለት ጥያቄዎች መሆናቸውን የምዝገባ ሠራተኞቻችሁ ለይተው ማወቅ አለባቸው። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው በአንድ የቀበሌ ወረቀት ብቻ መመለስ ይፈልጋሉ።

ነዋሪነትን የሚያሳይ ነገር ጎንደር ውስጥ ሞልቷል። የዕድር ደብተር አለ፤ መዋጮ በየወሩ ከነቀኑ ይጻፍበታል፣ የዳኛው ወይም የጸሐፊው ፊርማ አለበት። ስድስት ወር የከፈለ ሰው ስድስት ወር እንደኖረ ከዚህ የተሻለ ምን ይመሰክራል? የልጅ ትምህርት ቤት ምዝገባ አለ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተር አለ። የአሠሪ ደብዳቤ አለ። የጽሑፍ የኪራይ ውል ያለውም አለ። ይህ ሁሉ የሌለው ሰው በሰፈሩ የሚታወቁ ሰዎች ቀርበው ይመስክሩለት፤ ሐሰት የመሰከረ በሕግ ይጠየቅ። ይህን ለመወሰን አዲስ ሕግ አያስፈልግም። የትኛው ማስረጃ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚበቃ የሚዘረዝር አንድ ገጽ ማብራሪያ አስወስነው በየምዝገባ ጣቢያው በር ላይ ማስለጠፍ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበን ግን ክልከላው በቃል ብቻ መሆኑ ነው። የተመለሰ ሰው ወረቀት አይሰጠውም። ሕጉ በምዝገባ ቅር የተሰኘ ሰው ከጣቢያው ቅሬታ ሰሚ ጀምሮ እስከ ፍርድ ቤት የሚሄድበትን መንገድ ከፍቷል። ይሁን እንጂ ቅሬታ ሰሚው «መቼ ተከለከልክ? ማን ከለከለህ? በምን ምክንያት?» ብሎ ሲጠይቅ ሰውየው በእጁ ምንም የለም። መዝጋቢው «አልመጣም» ቢል ክርክሩ እዚያው ያበቃል። የተመለሱት ስንት እንደሆኑም በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይወጣም። እኛ በየሰፈሩ ስንዞር ስማቸውን እንመዘግባለን፤ የእኛ መዝገብ ግን በእናንተ ዘንድ ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ አንድ ቅጽ ይዘጋጅ፦ ስም፣ ቀን፣ የቀረበው ማስረጃ፣ የተከለከለበት ምክንያት፣ የመዝጋቢው ፊርማ። በካርቦን ሁለት ቅጂ ይሞላ፣ አንዱ ለአመልካቹ ይሰጥ፣ አንዱ ጣቢያው ይቅር። መዝጋቢ ስሙን ጽፎ መፈረም እንዳለበት ካወቀ «መሸኛ አምጣ» ብሎ ለመመለስ ሁለት ጊዜ ያስባል።

የምዝገባው ሰዓትም አብሮ መታየት አለበት። በመንግሥት የሥራ ሰዓት ብቻ የሚከፈት ጠረጴዛ የቀን ሠራተኛውን፣ የባጃጅ ሾፌሩንና ቅዳሜ ገበያ የምትውለውን ሴት አያገኛቸውም። እነዚህ ሰዎች አብዛኛዎቹ ተከራይ ናቸው። ማለዳ ከሥራ በፊትና አመሻሽ ላይ፣ እሁድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ቢከፈት ተጨማሪ ሠራተኛ ሳይቀጠር በፈረቃ ይሸፈናል።

ወደ ጣቢያዎቹ ድልድል እንምጣ። አንድ የምርጫ ጣቢያ የሚመዘግበው እስከ 1,500 መራጭ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። 1,500 ሰው በ12 ሰዓት ውስጥ እንዲያልፍ በየ29 ሰከንዱ አንድ ሰው መጨረስ አለበት። አሁን ክፍሉ ውስጥ ይግቡ። መራጩ ሁለት ወረቀት ይቀበላል፣ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። ማንበብ የሚከብዳቸውን አረጋውያን ጨምረን በአማካይ 2 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሦስት የምስጢር መስጫ ያለው ጣቢያ በሰዓት 90 ሰው፣ በቀን 1,080 ሰው ያሳልፋል። 420 ሰው ውጭ ቀረ ማለት ነው። አራት ቢሆን 1,440 ነው፤ አሁንም አይበቃም። አምስት ሲሆን ብቻ 1,800 ይደርሳል፣ መተንፈሻ ይገኛል። ልዩነቱ ሁለት የካርቶን ከለላና ሁለት ጠረጴዛ ነው!

ሁለተኛው ማነቆ ስም ፍለጋው ነው። መዝገቡ በምዝገባ ተራ የተጻፈ አንድ ጥራዝ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻ ያገላብጠዋል። በስም ከተፈለገ አንድ ደቂቃ ይበላል፤ በቀን 720 ሰው ብቻ ማለት ነው። መዝገቡ ከ1 እስከ 750 እና ከ751 እስከ 1,500 በሁለት ጥራዝ ቢዘጋጅ፣ ሰልፉም በመራጭነት ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ከውጭ ጀምሮ ለሁለት ቢከፈል ፍለጋው በሰከንዶች ያልቃል። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተደረገው 6ኛው አገር አቀፍ ምርጫ በብዙ ቦታ ሰልፉ ሳያልቅ ቀርቶ ሰዓቱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መራዘሙን ያስታውሱታል። ሰኔ ደግሞ ጎንደር ዝናብ ነው። ዳገት ላይ ያለ፣ በደረጃ የሚወጣ፣ መጠለያ የሌለው ጣቢያ ፊት አራት ሰዓት የምትቆም እናት ዝናቡ ሲጥል ወደ ቤቷ ብትመለስ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም።

የከተማው ዳር ሰፈሮች ችግር ከዚህ ይጀምራል። ቤቶቹ ትናንት ተሠርተዋል፣ ጣቢያው ግን በድሮው ቀበሌ መሀል ነው። የምርጫ ክልል ወሰን መቀየር የእርስዎ ሥልጣን እንዳልሆነ እናውቃለን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 መሠረት ወሰኑን በሕዝብ ቆጠራ ውጤት ላይ ተመሥርቶ፣ ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ሐሳብ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ቆጠራው በየ10 ዓመቱ መደረግ ሲገባው የመጨረሻው የተደረገው በ1999 ነው። በ1987 ቆጠራ ጎንደር 112,249 ሰው ነበራት፤ በ1999 ደግሞ 207,044። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሕዝብ ማንም በይፋ አልቆጠረውም። የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ 547 ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ከ550 እንዳያልፍ ስለደነገገ ያደገ ከተማ ተገቢውን ውክልና የሚያገኘው ወሰን እንደ አዲስ ሲሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ከተሜ ድምፅ ክብደት በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ የበላዮቻችሁ ዕዳ ነው። የጣቢያዎችን ቁጥርና ቦታ አጥንቶ ማቅረብ ግን የእርስዎ ሥራ ነው፤ ለዚህ ቆጠራ መጠበቅ አያስፈልግም። የተመዝጋቢው ቁጥር ከ1,200 ሲያልፍ ተጨማሪ ጣቢያ ይጠየቅ፤ 1,500 ሞልቶ ሰው እስኪመለስ አይጠበቅ።

ስለ በጎ ፈቃደኞች ጥቂት እንበል። ፓርቲዎች በየጣቢያው ወኪልና ተጠባባቂ ማቆም አለባቸው፤ 100 ጣቢያ ቢኖር 200 ሰው ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ጠዋት ሳጥኑ ባዶ መሆኑን አይተው፣ የማሸጊያውን ቁጥር ጽፈው፣ ማታ ቆጠራው አልቆ ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ እስኪለጠፍና የተፈረመበት ቅጂ በእጃቸው እስኪገባ የሚቆዩ ናቸው። ባጃቸው በዋዜማው ማታ ሲሰጥ ግማሾቹ አይደርሳቸውም፤ ያለ ባጅ የመጣ ወኪል ከበር ይመለሳል፣ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ መከፈቱን ያላየ ወኪል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ ዋጋ የለውም። ባጁ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ለሁሉም ፓርቲ እኩል ይሰጥ። አስፈጻሚዎቹም የፓርቲ አባል አለመሆናቸው እንዲረጋገጥ፣ ከመመደባቸው በፊት ስማቸው ተለጥፎ ሰፈሩ ይመርምራቸው።

ከሚቀጥለው ምዝገባ በፊት ከእርስዎ የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ማስረጃዎችን የሚዘረዝረው ማብራሪያ በየጣቢያው በር ላይ፣ የክልከላው ቅጽ በየመዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ፣ የዳር ሰፈሮች የጣቢያ ጥናት ደግሞ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ። እምቢ የሚሉም ከሆነ ምክንያትዎን በፊርማና በማኅተም ይስጡን፤ ይግባኝ የምንለው በእርሱ ነው።

በጎንደር ከተማ የመራጮች ምዝገባን የምንከታተል በጎ ፈቃደኞች

ግልባጭ፦
ለበላይ መሥሪያ ቤትዎ
በምርጫ ክልሉ ለሚወዳደሩ ፓርቲዎች በሙሉ
ለየዕድሩ ዳኞች