ሠላሳኛዋ ድምፅ

ሩትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ትናንት በስልክ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። ወራት የደከምሽበት ረቂቅ ሕግ ኮሚቴ ላይ ቀረ ብለሽ "በቃ፣ ይህ ሥራ ለእኔ አይሆንም" አልሽኝ። ያኔ መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ሳስብ ያደርኩት ግን አቶ ኧርኒ ቼምበርስን ነው።

እዚህ ኦማሃ ስታድጊ ስማቸውን ሰምተሻል። የሰሜን ኦማሃ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። በፈረንጆቹ 1971 የግዛታችን የኔብራስካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ገቡ፤ በድምሩ 46 ዓመት አገለገሉ። በግዛቱ ታሪክ የእሳቸውን ያህል የቆየ የለም። ሱፍ አይወዱም፤ ምክር ቤቱ ውስጥ በጂንስና በቲሸርት ነበር የሚቀመጡት። በ2007 እግዚአብሔርን ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ የፍርድ ቤት በር ለማንም አይዘጋም ለማለት ነው። ይህን እኔ አልወደድኩላቸውም፤ እናትሽም አዝናለች።

ሥራቸውን ግን ልብ ብለሽ እዪልኝ። ኔብራስካ ያለው አንድ ምክር ቤት ብቻ ነው፤ 49 ሴናተሮች። የጉባኤው ቀን የተቆጠረ ነው፤ አንዱ ዓመት 90፣ ቀጣዩ 60 ቀን። አቶ ኧርኒ ደንቡን አንድ በአንድ ያውቁት ነበር። ያልወደዱት ረቂቅ ሲመጣ ማሻሻያ በማሻሻያ ላይ እየደረቡ፣ ብቻቸውን እየተናገሩ ሰዓቱን ይጨርሱት ነበር። ሌሎቹ የራሳቸው ረቂቅ ጊዜ እንዳያልቅበት ስለሚሰጉ መጥተው ይደራደሯቸው ነበር።

የሞት ቅጣት ይቅር የሚለውን ረቂቅ ከ30 ጊዜ በላይ አቅርበዋል። በ1979 አለፈ፤ ገዥው ሻሩት። በ2015 እንደገና አለፈ፤ ያኔ የነበሩት ገዥ ፒት ሪኬትስም ሻሩት። ሽረቱን ለመቀልበስ 30 ድምፅ ያስፈልጋል። ሜይ 27 ቀን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ አልኩ። ቆጠራው ሲያበቃ 30 ለ19። አንዲት ድምፅ ብትጎድል ቀርቶ ነበር! እኔ የዚያን ቀን አለቀስኩ፤ ለእናትሽም አልነገርኳትም።

በ2016 ደግሞ ሕዝቡ በድምፁ ቅጣቱን መለሰው። እሳቸው ምን አደረጉ? በ2017 ያንኑ ረቂቅ ይዘው መጡ። ዕድሜያቸው ወደ 80 ተጠግቶ ነበር።

ከዚያ በፊትም የሥልጣን ዘመን ገደብ ወጥቶ በ2009 ከምክር ቤቱ አስወጥቷቸው ነበር። ብዙ ሰው ሕጉ የወጣው ለእሳቸው ነው ይላል። አራት ዓመት ጠብቀው፣ ተወዳድረው ተመለሱ።

አንቺ ገና ሁለተኛ ዓመትሽ ነው፣ የኔ ልጅ። ረቂቁን ላኪልኝ፤ ኮሚቴው የጠየቃችሁንም ጻፊልኝ። እንግሊዝኛው ቢከብደኝም ቀስ ብዬ አነበዋለሁ። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ እደውልልሻለሁ።

አባትሽ