ነዋሪው ራሱ ላቀደው የምንጭ ውሃ ግንባታ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የመንዝ ጌራ ምድር ተወላጆችና ወዳጆች፣ በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃን፣ በሌሎች የአገራችን ከተሞችና በውጭ አገር ለምትኖሩ ሁሉ፤

ይህን ጥሪ በጋራ የምናቀርብላችሁ በሦስቱ ጎጦች ጠቅላላ ጉባኤ የተመረጥነው የውሃ ኮሚቴ አባላትና በአዲስ አበባ የምንገኘው የተወላጆች አስተባባሪ ኮሚቴ ነን። ከጎጦቹ በላይ ካለው ገደል ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ አጎልብተን ውሃውን በቧንቧ ወደ መንደሮቹ ለማውረድ ተነሥተናል። ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት በእጃችን አለ፤ የጎደለን በገንዘብ ብቻ የሚገኘው ቧንቧ፣ ሲሚንቶና ፌሮ ብረት ነው።

ስለ ገንዘቡ ከመናገራችን በፊት ዕቅዱ እንዴት እንደተወጠነ ልንገልጽላችሁ ይገባል፤ ከዚህ ቀደም ከደረሷችሁ ጥሪዎች ይህኛው የሚለየው በዚህ ነውና። ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ ገብሱ ከአውድማ ከገባ በኋላ፣ የሦስቱ ጎጦች ነዋሪ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ለሁለት ቀናት ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ቀን ያለቀው መሬት ላይ ካርታ በመሥራት ነበር። ገደሉ በድንጋይ ክምር፣ ወንዙ በአመድ መሥመር፣ የእግር መንገዱ በጭድ፣ እያንዳንዱ ቤት ደግሞ በአንዲት ጠጠር ተመለከተ። ጠጠሮቹ ሲቆጠሩ 164 ሆኑ፤ በመዝገብ ላይ ካለው የአባወራና የእማወራ ቁጥር በ11 በለጡ። ነገሩ ሲጣራ 11ዱ ቤቶች ከወላጆቻቸው ማሳ ተቆርሶላቸው ጎጆ የወጡ ወጣቶች ቤቶች ሆነው ተገኙ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ አልተቆጠሩም ነበር።

በማግሥቱ አራት ቁናዎች ተደረደሩ፤ አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለወፍጮ፣ አንዱ ለጤና ኬላ፣ አንዱ ለውሃ። ለእያንዳንዱ ጎልማሳ ሦስት ሦስት ፍሬ ባቄላ ታደለና በፈለገው ቁና ውስጥ እንዲጨምር ተደረገ፤ ወንዶችና ሴቶች ግን ተራ በተራ ስለጣሉ የሁለቱም ድምፅ ለየብቻው ተቆጠረ። የወንዶቹ ባቄላ በአብዛኛው የመንገዱን ቁና ሲሞላ፣ የሴቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የውሃው ውስጥ ገባ። እንዲህ ለየብቻ ባይቆጠር ኖሮ ልዩነቱ ሳይታይ ይቀር ነበር። ሽማግሌዎቹ መንገድ ከገባ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል በማለት አጥብቀው ተከራከሩ፤ አባባላቸውም መሠረት የሌለው አልነበረም። ክርክሩ ሲረዝም አንዲት እናት ተነሥተው፣ የቤታቸውን ጠጠር ከምንጩ ጋር በሚያገናኘው የጭድ መሥመር ላይ በሳምንት ውስጥ ውሃ ለመቅዳት ለሚመላለሱበት ለእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ባቄላ አስቀመጡ። አሥራ አራት ሆነ። ሌሎቹም ሴቶች ከየጠጠራቸው ተነሥተው እንደዚያው አደረጉ፤ የጭዱ መንገድ በባቄላ ተሸፈነ። ድምፁ እንደገና ሲሰጥ ውሃ አንደኛ፣ መንገድ ሁለተኛ ሆነው በቃለ ጉባኤ ተመዘገቡ።

የቦኖዎቹ ቦታም የተወሰነው በዚያው ካርታ ላይ ነው። የወረዳው የውሃ ባለሙያ፣ ለሥራ ስለሚቀል፣ አንደኛውን ቦኖ ከሰፊው የእግር መንገድ ዳር አመልክቶ ነበር፤ ሴቶቹ ግን ክረምት ላይ ጅረቱ ሲሞላ ከታችኛው ጎጥ ወደዚያ መሻገር እንደማይቻል አስረድተው ከጅረቱ ማዶ በታችኛው ጎጥ በኩል አስደረጉት። ባለሙያው ካየው በኋላ ተስማማ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ለውጡ የቧንቧውን ርዝመት በ180 ሜትር ጨምሮብናል፤ ወጪው ይቀነስ ተብሎ ቦታው እንዲመለስ ግን የጠየቀ ሰው የለም።

ሳይጠየቁ የሚሠራ ሥራ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። በመካከለኛው ጎጥ የዛሬ ስንት ዓመት የተተከለ የእጅ ፓምፕ አለ። የተከለውን አካል ስም እዚህ መጥቀስ አይጠቅምም፤ ቦታው ግን ነዋሪውን ሳያማክር የተመረጠ ከብት የሚውልበት ረግረግ ነበር። ስምንት ወር ሠርቶ ውስጡ ያለው ጎማ ተበላ፤ መለዋወጫው በወረዳችን ከተማ በመሐል ሜዳ ገበያ ላይ አልተገኘም፤ ብረቱም ዛሬ ጥጃ ማሰሪያ ሆኗል። እኛ የአዲስ አበባዎቹም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንም። ከአራት ዓመት በፊት ለመሰብሰቢያ አዳራሽ ይሆናል ብለን፣ ማንንም ሳንጠይቅ፣ ቆርቆሮ ገዝተን ልከን ነበር፤ አዳራሽ የሚፈልግ ሰው ስላልነበረ ቆርቆሮው እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ተደርድሮ ይገኛል። አሁን ጉባኤው ለውሃ ጥበቃው ቤት ጣሪያ እንዲውል ወስኖልናል።

ተሰብስቦ መክሮ የወል ሀብትን ማስተዳደር ለመንዝ ሰው ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። በመንዝ ደጋ ያለው የጓሳ ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የወል ጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው። አስቦና ጌራ የተባሉት ሁለቱ የጓሳው ባለ መብት ወገኖች በየበኩላቸው አለቃ መርጠው፣ ጓሳውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ከፍተው፣ የቤት ክዳኑንና ገመዱን ያጭዱ ነበር፤ ሕጉን የጣሰም ቅጣት ነበረበት። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሐሳቡ ግን ስላልጠፋ፣ አዋሳኝ ቀበሌዎች በኋላ ኮሚቴ አቋቁመውና መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ጓሳን እንደገና በጋራ መጠበቅ ጀምረዋል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣው እንግዳ የሚያደንቀው ያንን 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የአባቶቻችንን ጥበቃ ነው። በጽሑፍ ካየነውም፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በእኛ አካባቢ ይህ አንቀጽ ከወረቀት ወርዶ በባቄላ ሲቆጠር ያየነው ግን ባለፈው ጥር ነው።

ምንጩ ይበቃል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ በጥር እና በሰኔ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ለክተነዋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከምንጩ ዐይን ሥር አስቀምጠን በሞባይል ሰዓት ስንይዝ፣ ባነሰበት ጊዜ በ50 ሰከንድ ሞላ፤ ይህም በቀን ከ34,000 ሊትር በላይ ይሆናል። መንግሥት በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ያስቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ የሚል ነበር። በ164 ቤት ውስጥ 820 ያህል ሰው ይኖራል ብለን ብናሰላ ፍላጎቱ 20,500 ሊትር ነው። ችግሩ ውሃው ሌሊት በከንቱ ፈስሶ ማለዳ ሁሉም በአንድ ጊዜ መምጣቱ ስለሆነ፣ የሌሊቱን የሚይዝ 15 ሜትር ኩብ የሚሆን የድንጋይ ግንብ ማጠራቀሚያ ታቅዷል። ውሃው ከዚያ በስበት ስለሚወርድ ሞተርም ነዳጅም አይፈልግም፤ ቧንቧው ማረሻ እንዳይነካውና ውርጭ እንዳያገኘው 80 ሳንቲ ሜትር ይቀበራል።

ቀሪው ውሃ የማን ይሆናል የሚለው ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ጉዳይ ነበር። ከምንጩ በታች ነጭ ሽንኩርት የሚያለሙ አባወራዎች አሉ፤ ምንጩ ሲታጠር አትክልታቸው ይደርቃል ብለው መስጋታቸው ተገቢ ነበር። ከሦስት ጉባኤ በኋላ፣ ከማጠራቀሚያው የሚተርፈው ውሃ መጀመሪያ ወደ ከብት ገንዳው፣ ከገንዳው ደግሞ ወደ እነርሱ ቦይ እንዲወርድ ተስማምተን በደንቡ አንቀጽ አድርገን አስፍረነዋል። ማጠራቀሚያው የሚያርፍበትን ቦታ ለለቀቁት አርሶ አደርም ከወል መሬት ምትክ ተሰጥቷል። ይህን የምንጽፈው ነገ ሥራው ሲጀመር ክስ ይነሣ ይሆን ብሎ ለሚሰጋ ለጋሽ ነው።

አሠራሩን የወሰድነው ከ1990ዎቹ ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በአማራ ክልል ገጠሮች ሲሠራበት ከቆየው፣ ማኅበረሰቡ ራሱ ከሚመራው የውሃ ግንባታ ነው። በዚያ አሠራር ገንዘቡ በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለውሃ ኮሚቴው ይደርሳል፤ ዕቃውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው፣ ሥራውን የሚረከበውም ኮሚቴው ነው፤ ወረዳው በባለሙያ ይደግፋል። የእኛ ኮሚቴ አምስት አባላት ሲኖሩት ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ገንዘብ ያዥዋም ሴት ናት።

እስካሁን ነዋሪው ካዋጣው ገንዘብ 900 ሜትር ቧንቧና 40 ኩንታል ሲሚንቶ ተገዝቷል። ድንጋዩ ተፈልጦ፣ አሸዋው በአህያ ተጭኖ ከቦታው ደርሷል። የቧንቧው ቦይ ለየቤቱ 15 ሜትር ያህል ተከፋፍሏል፤ አቅም የሌላቸው አረጋውያንና ብቻቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ እናቶች ድርሻ በደቦ ይቆፈራል። የቀረው 1,500 ሜትር ቧንቧ፣ 120 ኩንታል ሲሚንቶ፣ 60 ቤርጋ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ለአራቱ ቦኖዎች የሚሆኑ የውሃ መክፈቻዎች፣ እንዲሁም ዕቃው ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ድረስ የሚመጣበት የጭነት ኪራይ ነው።

ጥሪያችንን በብር ሳይሆን በሜትርና በኩንታል ማቅረባችን ሆን ተብሎ ነው። የዕቃ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የምንጽፍላችሁ ጠቅላላ ድምር ጥሪው እጃችሁ ሳይገባ ሐሰት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሜትር፣ አሥር ሜትር፣ ግማሽ ኩንታል ብላችሁ ቃል ግቡልን፤ በግዢው ቀን ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ሰብስበን ድርሻችሁን በዕለቱ ዋጋ እናሳውቃችኋለን። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶቻችን ከቤተሰባችሁ ድርሻ ቀንሳችሁ እንድትልኩልን አንፈልግም፤ እናቶቻችሁ ጀሪካን እንዳይሸከሙ የምትልኩት አንድ ሜትር ከበቂ በላይ ነው።

ከተሜው ገንዘቡን፣ በአገር ቤት ያለው ጉልበቱን አዋጥቶ መሥራት በአገራችን የታወቀ ነው። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ከንግዳቸው እያዋጡ የትውልድ አካባቢያቸውን በመንገድ አገናኝተዋል። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም።

ገንዘቡ የሚቀመጠው ከሁለቱ ኮሚቴዎች በተወከሉ ሦስት ፈራሚዎች ብቻ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ነው። የሂሳብ ቁጥሩ ማኅተም ባለበት ደብዳቤ በየአስተባባሪዎቻችሁ በኩል ይደርሳችኋል፤ በሌላ መንገድ በሚላክላችሁ ቁጥር ላይ አንዲት ሳንቲም እንዳታስገቡ አደራ እንላለን። ከውጭ የምትልኩ በሕጋዊው የባንክ መንገድ ተጠቀሙ። እያንዳንዱ የግዢ ደረሰኝ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በነዋሪው ፊት ይነበባል፤ ቅጂው ለአዲስ አበባው ኮሚቴ ይላካል። ግንባታው ሲያልቅም እያንዳንዱ ቤት ለጥገናና ለጥበቃ በየወሩ ለማዋጣት በደንቡ ፈርሟል፤ ስለዚህ ለመለዋወጫ ዳግመኛ አንጠይቃችሁም።

የቃል መግቢያው ጊዜ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። ቁፋሮው አዝመራው እንደተሰበሰበ በታኅሣሥ ይጀመራል፤ የበልግ ዝናብ ሳይገባ ቧንቧው መቀበር ስላለበት ዕቃው እስከ ጥር አጋማሽ መሐል ሜዳ ካልደረሰ ሥራው ዓመት ይቆያል።

የአመዱ ካርታ በዚያው ሰሞን በጣለ ዝናብ ታጥቧል፤ የትምህርት ቤቱ መምህር አስቀድሞ በወረቀት ስለገለበጠው ግን ጠጠሮቹና አራቱ ቦኖዎች በየቦታቸው ተመልክተው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይገኛሉ። በቦኖዎቹ ቦታ ላይ አስተያየት ያለው ለጋሽ ሐሳቡን በደብዳቤ ለጠቅላላ ጉባኤው ማቅረብ ይችላል፤ እኛ ኮሚቴዎቹ አንዲቱንም ጠጠር ለማንቀሳቀስ ሥልጣን የለንም።