ሲነጋ ቀን የምትቀይረው ካልኩሌተር

አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? የሐዋሳ ሙቀት ተስማማህ? እኛ ቱሉ ዲምቱ ደህና ነን። ብርዱ ያው ነው፣ መብራቱም እንደምታውቀው።

የወፍጮ ቤቱን መሳቢያ ሳጸዳ ካሲዮ ካልኩሌተርህን አገኘኋት። ያቺን ከደረት ኪስህ የማትጠፋውን፣ ሰዓትም ቀንም ማንቂያም ያላትን። ጀርባዋን ስከፍተው ባትሪዋ ፈስሶ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። በጥጥና በአቼቶ ጠረግኩት። በቁልፎቹ ሥር የገባው ዱቄት ግን አልወጣ አለኝ። የጤፍ ይሁን የበቆሎ እንጃ።

አቃቂ አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ ወሰድኳት። ፈታትቶ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ቱቦ አሳየኝ። ውስጧ ያለው ኳርትዝ የሚሉት ማዕድን በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል አለኝ። ቺፑ ያንን ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እያለ 15 ጊዜ ሲያካፍለው በሴኮንድ አንድ ምት ብቻ ይቀራል። አላመንኩም። አዲስ ባትሪ እንደገባላት እዚያው ቆሜ በራሷ አሰላሁት። 16,384፣ 8,192፣ 4,096... በጣቴ እየቆጠርኩ ወረድኩ። በ15ኛው 1 መጣ። ሰውየው ሳቀብኝ።

ትናንት ማታ ሰዓቷን ልሞላ ስቀመጥ ድሮ የነዘነዝኩህ ትዝ አለኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 1:00 ኤኤም ትላለች፤ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት የሰማሁትን ይዤ "7:00 ነው ማለት ያለባት፣ ተሳስተሃል" እልሃለሁ። አንተ ዝም ብለህ ኪሎ ታባዛለህ። ለካ የፈረንጁን እኩለ ሌሊት አምጥተህ የእኛ ንጋት ላይ ነው ያስቀመጥከው! ኤኤም ቀን ሆነ፣ ፒኤም ማታ። ቀኑም የሚቀየረው በእንቅልፍ መሃል ሳይሆን ወፍ ሲንጫጫ ነው። ይሄን ስረዳ ብቻዬን ነው የሳቅኩት።

ወሩን እንዴት እንደቻልከው ግን አልገባኝም። መስከረምን 1 ብለህ ስትሞላት ጃንዋሪ ይመስላትና ከ30 ቀጥላ 31 ትላለች። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ደግሞ እንደ ፌብሩዋሪ በ28 ቆርጣ ታልፋለች። በየጊዜው እያረምክ ነበር ማለት ነው? ጳጉሜንንማ ጭራሽ አታውቃትም፣ ወሯ 12 ላይ ያበቃል። ጳጉሜን በገባ ቁጥር መሳቢያ ውስጥ የምትቆልፍባት ለዚህ ነበር? እኔ እኮ ለበዓል የምታሳርፋት ይመስለኝ ነበር።

ነገ ሲነጋ ልክ 12 ሰዓት ላይ ልሞላት ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ማንቂያዋ ስንት ሰዓት ላይ ነበር? እኔ ሌሊት 11 ከሩብ ይመስለኛል። እማዬ "11 ነው" ብላ ድርቅ ብላለች። እሁድ ስደውል ንገረኝ፣ እሷ ሳትሰማ።

ልጅህ