የቅዳሜው የሬዲዮ ምሽት

ጤና ይስጥልን፣ ውድ አባላት፤

የፊታችን ቅዳሜ በርጫችን ስለ ድሮው የሬዲዮ ሙዚቃ ነው። ቦታው ያው ድሬዳዋ ከዚራ፣ ከአስር ሰዓት ጀምሮ። አደራ፣ ወሬያችን በአዲስ አበባ ጣቢያ ብቻ እንዳይያዝ። የድሬ ጆሮ የጎረቤትም ነው። ሬዲዮ ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1943 በእንግሊዞች ጊዜ «ሬዲዮ ኩዱ» ተብሎ ተከፈተ፤ ሬዲዮ ሞቃዲሾ በ1951 ተከተለ። እዚሁ ከተማችን የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድኑ አፍራን ቀሎ ሲቋቋም ደግሞ ድምፃዊው ዓሊ ቢራ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነበር።

ማታ ማታ ሩቁ ጣቢያ ለምን ጥርት ብሎ ይሰማል ላላችሁኝ፦ ቀን ፀሐይ የምትፈጥረው የታችኛው የከባቢ አየር ንብርብር መካከለኛ ሞገድን ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ንብርብሩ ይከስማል፤ ሞገዱም ከበላዩ ካለው ነጥሮ መቶዎች ኪሎ ሜትር ይሻገራል። ዘፈኑ አንዴ ጎላ አንዴ ደብዘዝ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚመዘዘውን አንቴና ማስረዘም ለኤ.ኤም. (ለመካከለኛው ሞገድ) ምንም አይፈይድም። የሚቀበለው ውስጥ ያለው፣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ ነው። ስለዚህ ሬዲዮኑን ራሱን አዙሩት።

ከሬዲዮ የተቀዳ ካሴት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። አቅራቢው ዘፈኑ መሃል ቢገባበትም እንዳትቆርጡት፤ ለእኔ ከዘፈኑ ይልቅ እሱ ይበልጥብኛል። ካሴቱ ከተጠላለፈ በእርሳስ ጠምጥሙት፣ አትጎትቱት።

የባትሪ ድንጋይ በእኔ፣ ጫቱ በየራሳችሁ።