የወንጭፍ እጀታ ላይ የነሐስ ቱቦ ስለማስገባት

ውድ ደንበኞቻችን፣

የባላ ወንጭፋችሁ የገመድ ቀዳዳ የነሐስ ቱቦ እንዲገባለት የምትጠይቁን በዝታችኋል። ቤት ለምትሞክሩ አሠራሩን፣ ለምታመጡልን ደግሞ ለምን ሁለት ቀን እንደምናቆየው ለማስረዳት ይህን ጽፈናል።

ቱቦው እንጨቱን አያጠነክርም፤ የሚያድነው የቀዳዳውን አፍ ከመበላት ነው። ቀዳዳው ከእጀታው ጠርዝ ከ10 ሚሊ በታች ከቀረበ ግን አንቀበልም፤ ሲበሳ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ለ4 ሚሊ ገመድ ውጩ 6፣ ውስጡ 5 ሚሊ የሆነ ቱቦ ይበቃል። ፑንታ (የመብሻ ማሽን ጫፍ) ከመምረጣችሁ በፊት ቱቦውን በካሊብሮ (ውፍረት መለኪያ) ለኩት፤ 6 ተብሎ የተሸጠው 6.1 ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ቁራጭ እንጨት ላይ ብሱና ሞክሩት። ቱቦው በጣት ተገፍቶ መግባት አለበት። በመዶሻ ከገባ ወይራም ቢሆን ይሰነጠቃል፤ ኮላውም ተፍቆ አፉ ላይ ይቀርና ውስጡ ደረቅ ይሆናል።

ስትበሱ ከእጀታው ሥር ትርፍ ጣውላ አድርጋችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መያዣ) ላይ እሰሩ። ያለዚያ ፑንታው በወዲያኛው በኩል ሲወጣ እንጨቱን ገንጥሎት ይሄዳል።

ቱቦውን ከእጀታው ውፍረት 2 ሚሊ አስረዝማችሁ በሰጌቶ (የብረት መጋዝ) ቁረጡ። ላዩን በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፣ በአልኮል ጥረጉት፣ ከዚያ ወዲያ በጣት አትንኩት፤ ልስልስና ቅባት የነካው ነሐስ ኮላ አይዝም። ሰም ወደ ውጩ እንዳይወጣ እየተጠነቀቃችሁ ኮላ እንዳይገባበት የቱቦውን ሁለት አፎች በሻማ ድፈኑ። አምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ሳይሆን 24 ሰዓት የሚፈልገውን ኢፖክሲ ኮላ ቀብታችሁ፣ ቱቦውን እያዞራችሁ ግፉት። ሁለት ቀን የምንለው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ትርፉን በሊማ (ሞረድ) ስታወርዱ አትቸኩሉ። ነሐስ ቶሎ ይግላል፤ ሙቀቱ ኢፖክሲውን ያለሰልሰውና ቱቦው በቦታው መዞር ይጀምራል። ጣት የሚያቃጥል ከሆነ አቁሙና ይቀዝቅዝ።

ብዙ ሰው የሚዘለው የቱቦውን የውስጥ ጠርዝ ማለስለስ ነው። ሰሙን አውጥታችሁ 10 ሚሊ ፑንታ በእጃችሁ ይዛችሁ አፉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሩ፤ በማሽን አይደለም። ከዚያ ትንሽ ጥጥ በቱቦው አሳልፋችሁ ሳቡ። ጭረት ላይ የተያዘ ክር ካያችሁ ያው ጠርዝ ገመዱንም ቀስ በቀስ ይበጣጥሰዋል፤ ድገሙት።

አሉሚኒየም ይረክሳል ለምትሉን፦ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበላል፣ ሲሞረድም እንጨቱን ያጠቁረዋል። ብረት ደግሞ ይዝጋል።

ስታመጡልን ላስቲኩን ፈታችሁ፣ የምታስገቡትን ገመድ ግን ይዛችሁ ኑ፤ ቱቦውን የምንመርጠው በገመዱ ልክ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ወርክሾፑ፣ ፒያሳ፣ አዲስ አበባ